ወፏ የታቀፈችው ኳስ

የሣር ማጨጃው ቁልፍ እኔ ጋ ነው። መንደራችን ስድስት ጉድጓድ ያላት ትንሽ የጎልፍ ሜዳ አለችው፤ ደህና የመታ ሰው በአንድ ምት ጉድጓዱ ላይ የተተከለው ባንዲራ ሥር ይደርሳል። ሣሯን የማጭደው እኔ ሲግሩን ነኝ። ግትር ነሽ ይሉኛል። በዚህ ጠባዬ ሁለት ወንድ ሄዶብኛል፤ ሦስተኛው እንዲሄድ ግን አልፈለግሁም።

ሦስተኛው ኦድቫር ነው፤ አናጺ፣ የመንደሩ ቡድን አለቃ። በረዶው ከቀለጠ ወዲህ ከሥራ መልስ ይመጣና ደጄ አግዳሚ ላይ አጠገቤ ተቀምጦ ዝም ይላል። እኔም ዝም እላለሁ። እንደዚያ ያለ ደስ የሚል ዝምታ አይቼ አላውቅም።

ሜዳውን ለውድድር ለማሰናዳት ሰው ሁሉ ደቦ በወጣበት ቀን፣ አራተኛው ባንዲራ ሥር አንዲት ቀይ መንቁር ያላት የባሕር ወፍ እንቁላሏን ታቅፋ አገኘኋት። ማሽኑን አጠፋሁ።

«ሲግሩን፣ ቅዳሜ ከወንዙ ማዶ ሰዎች ጋር እንጋጠማለን» አለኝ ኦድቫር። «አራተኛውን እጨጂው እንጂ።»

«አላጭድም።»

«በየዓመቱ እኮ ነው የሚያሸንፉን።»

«ታዲያ ለምደኸዋላ።»

ሰው ሳቀ። እሱ አልሳቀም። ባንዲራውን አየ፣ ወፏን አየ፣ እኔን አየ፣ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ደጄ መምጣቱን ተወ። ጎረቤቴ ቦርጊል ለውድድሩ ቀን ዋፍል የሚሉትን ጣፋጭ ቂጣ እየጋገረች «ይኼንንም አባረርሽው?» አለችኝ።

«ዋፍልሽ አረረ» አልኳት። አላረረም ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ሜዳው ስደርስ ባንዲራው ከቦታው የለም። ከወፏ ጎጆ ራቅ ብሎ አዲስ ጉድጓድ ተቆፍሯል፤ ዙሪያው ያለው ሣር በመቀስ ነው የተከረከመው። ወፏን ዝቅ ያለች የእንጨት አጥር ከብባታለች። አንድ ሚስማር የለባትም፤ መዶሻ እንዳያስደነግጣት እንጨቱ በገመድ ነው የታሰረው። እዚያው ቁጭ አልኩ።

በውድድሩ እኩል ለእኩል ሆነን አራተኛው ላይ ደረስን። ኦድቫር መታ። ኳሱ አጥሩን ዘሎ ጎጆው ጠርዝ ላይ አረፈ። ወፏ በመንቁሯ ሳብ አድርጋ ከእንቁላሎቿ ጋር ታቀፈችው።

«ኳስ ካረፈበት ነው የሚመታው» አለ የማዶዎቹ አለቃ። «ካልመታኸው ጉድጓዱ የእኛ ነው።»

ኦድቫር ዱላውን ወደ ቦርሳው መለሰ። «ውሰዱት።»

በመጨረሻ በዚያችው በአንድ ጉድጓድ ብልጫ ተሸነፍን። ሰው ወደ ዋፍሉ ሲሄድ ኦድቫር አጠገቤ መጥቶ ቆመ።

«ምነው ጠፋህ?» አልኩት።

«አጥሩን ቤቴ እየሠራሁ። ያላለቀ ነገር ማሳየት አልወድም።»

«አንድ ቃል ብትተነፍስ ምን አለበት?»

«ብናገር ታጭጂው ነበር?»

«አላጭድም።»

ፈገግ አለ። «ወፏ ቁርጥ አንቺን ናት። የያዘችውን አትለቅም።»

«እኔ ምን ይዣለሁ?»

እጁን ያዝኩት፤ እንጨት ያሻከረውን ትልቅ እጁን። ጆሮው ድረስ ቀላ። አልለቀቅኩትም።

ወፏ ጫጩቶቿን አስከትላ ሄደች። ኳሱ ግን እስከ ዛሬ አልተፈለፈለም። ኩሽናችን መስኮት ላይ ተቀምጧል፤ ቦርጊል በመጣች ቁጥር አየት ታደርገውና «አሁንም ጫጩት የለም?» ትለናለች።