ክሩ ከመነካቱ በፊት

የድምፅ ባለሙያዋ እጆች ሥራ ፈትተው አያውቁም፤ በዚያ ሰሞን ግን ልቧም እንደ እጆቿ ዕረፍት አጥቶ ነበር።

ታላቅ ወንድሟ የሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት ከከፈተ ገና አጭር ጊዜው ነው። እሷ ለምትቀዳለት የመጀመሪያ አልበሙ የመረጠውም ለብዙ ዘመን ዝም ብሎ የኖረ፣ አባላቱ የሸበቱ አንድ የሮክ ባንድ ነበር። ከመካከላቸው ወጣቱ ጊታሪስት ብቻ ነው፤ የሟች አባቱን ቦታ ተክቶ የገባ።

አዛውንቶቹ እንደ ጥንታቸው በአንድ ክፍል ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ሳያቋርጡ ነው የሚቀዱት። ስለዚህ ማይክሮፎኑ የማይለቅመው ነገር የለም፤ የወንበሩን ሲጢጥታ፣ «ነጎድጓድ» የሚሉትን የድራም መቺውን ሳል፣ ጊታሪስቱም ክሩን ከመንካቱ በፊት ወደ ውስጥ የሚስባትን አጭር ትንፋሽ።

የባለሙያዋ ጣጣ ያቺ ትንፋሽ ነበረች።

የቀረጻ ክፍሉን ከእሷ ክፍል በሚለየው መስታወት ማዶና ማዶ ዐይኖቻቸው ሲጋጠሙ፣ ቀድሞ የሚያቀረቅረው እሱ፣ ቀድማ ቀና የምትለው እሷ ነበረች። ይህ ከወንድሟ አልተሰወረም። ፍቅር ሲከር ይበጠሳል፤ ከተበጠሰ ደግሞ አልበሙን ይዞብኝ ይሄዳልና እባክሽ ይቆየኝ ሲል ለመናት። እሺ አለችው። ከዚያ ወዲህ ጊታሪስቱ ሻይ ሲጋብዛት ሥራ ይበዛባታል፤ እንዴት ዋልሽ ሲላት ስለ ማይክሮፎኑ ገመድ ትመልስለታለች።

ከዐይኑ መሸሽ ቻለች፤ ከትንፋሹ ግን የት ይኬዳል? ማዳመጫውን ባጠለቀች ቁጥር ጆሮዋ ሥር ይተነፍሳል። ትነሣለች፣ መስኮቱን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፣ ትመለሳለች። ሥራው አልገፋ ሲላት ትንፋሾቹን አንድ በአንድ ቆርጣ አወጣቻቸው። ሲጢጥታውንና ሳሉን አልነካችም።

ሁሉም ተሰብስበው አልበሙን ሲያደምጡ ነጎድጓድ የራሱን ሳል ሰማ፤ እኔ ብሞት ጉንፋኔ ይኖራል ብሎም አሳቃቸው። ጊታሪስቱ አልሳቀም። እስከ መጨረሻው አዳመጠና ጊታሩን ከማኅደሩ ከቶ፣ ሌላ ሰው እንዲፈልጉ ተናግሮ ወጣ።

ደረጃው ላይ ደረሰችበት።

«ምን አጠፋሁ?»

«የሽማግሌው ሳል እንኳ ቦታ ተሰጥቶታል» አለ ፊቱን ሳይመልስ። «የእኔን ትንፋሽ ግን ለቅመሽ ጣልሽው። ውጣልኝ ማለት ከዚህ ወዲያ በምን ይነገራል?»

አንድ ደረጃ ወርዳ ከፊቱ ቆመች።

«ትንፋሽህን እየሰማሁ እጄ አልታዘዝ አለኝ» አለች። «ጠልቼው አይደለም። ደግሞም አልጣልኩትም፤ አስቀምጬዋለሁ።»

«ለብቻው?»

«ለብቻው።»

የጊታሩን ማንገቻ ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ። ሳቁ አመለጠው።

«ዘፈን የሌለው ትንፋሽ ምን ያደርግልሻል?»

ቀና ስትል ወንድሟ ከደረጃው አናት ቆሟል፤ ምን ያህል እንደ ሰማ ፊቱ ይናገራል።

«ሲከር ይበጠሳል ብለኸኝ ነበር» አለችው። «ሳይከር የተቃኘ ክር ግን አይተህ ታውቃለህ?»

ወንድሟ ጊታሪስቱን አየ፣ እሷን አየ፣ ጭንቅላቱን አከከ።

«እንግዲህ ከተበጠሰ የምትቋጥሪው አንቺ ነሽ» ብሎ ተመለሰ።

ትንፋሾቹን ወደየቦታቸው መለሰች፤ በዚህኛው ጊዜ ባለቤታቸው አጠገቧ ተቀምጦ ነበር፣ እጇም ከቀድሞው ይልቅ አልታዘዝ አላት። ነጎድጓድ ደግሞ የመጨረሻው ዘፈን እንደገና ካልተቀዳ ብሎ አስቸገረ፤ ልጁ ያኔ አኩርፎ ነበር የተጫወተው፣ አሁን ልጅቷ ከክፍሉ ውስጥ ትቀመጥ አለ።

ተቀመጠች። ክሩ ሊነካ ሲል እሱ ወደ ውስጥ ተነፈሰ።

አልበሙን የያዘ ሰው ያችን ትንፋሽ ዛሬም ይሰማታል። ልብ ብሎ ካዳመጠም ከሥሯ ሌላ፣ ቀጠን ያለች፣ እኩል የተሳበች ትንፋሽ አለች። እሷንም ቆርጦ ለማውጣት ያሰበ አልነበረም።