የሃምሳኛው ፎቅ ሶሌታ

የኢንጂነር ግሩም አስከሬን እሑድ ጠዋት የተገኘው በጣና ዳር፣ በአዲሱ ሕንፃ ሥር በተከመረ አሸዋ ላይ ነበር። ዓርብ ዕለት አርማታ የተሞላበት ሃምሳኛው ወለል ሕንፃውን የሀገሪቱ ረጅሙ ያደርገው ነበር። ኢንስፔክተር ሱንዱስ የሟቹን ጫማ አገላብጣ አየች፤ ሶሉ ደረቅ ነው፣ የሲሚንቶ ብናኝ ለብሷል።

ሃምሳኛው ፎቅ ላይ ግን ሶሌታው፣ አዲሱ የወለል አርማታ፣ በረጠበ ጆንያ ተሸፍኗል። ከጠርዙ ራቅ ወዳለው ጥግ ሄዳ አንዱን ጆንያ አነሣች፤ ሥሩ ውኃ አቁሯል። የቀሩትንም አነሣች፤ እንዲሁ ናቸው።

«ውኃው አንሸራትቶት ነው፣» አለ ሥራ አስኪያጁ ካሊድ።

«ዛሬ ማን ወጥቶ ነበር?»

«ማንም። ሠራተኛው እረፍት ነው። የአሳንሰሩ ቁልፍ ያለን ደግሞ ከግሩም ሌላ እኛ ሦስታችን፣ እኔ፣ ፎርማኑና የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ነን።»

ሦስቱም ለስብሰባ ተጠርተው ማልደው ግቢው ውስጥ ነበሩ። ሦስቱም አልወጣንም ብለዋል።

«እርስዎስ፣ ጋሽ አለበል?»

«መጋዘን ነበርሁ፣ ልጄ፤ ከትናንት ወዲህ እዚህ አልወጣሁም፣» አሉ ዋና ፎርማኑ። ግሩምን ከቀን ሠራተኝነት አንሥተው ሙያ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው።

የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ወንጌላዊት፣ የግሩም እጮኛ፣ ጣልቃ ገባች። «ትናንት ምሰሶዎቹ ፍተሻውን አላለፉም፤ ሃምሳኛውን ወለል አይሸከሙም። ግሩም ‹ሶሌታው ሰኞ ይፍረስ፣ ሕንፃው አርባ ዘጠኝ ላይ ያብቃ› አለ። እኔና ካሊድ ፈረምን።»

«ጋሽ አለበልስ ሰምተዋል?»

«‹አባቴ ማለት ናቸው፣ እኔው ልንገራቸው› ብሎ ነበር።»

ሱንዱስ ሦስቱን በጆንያዎቹ መካከል አቆመቻቸው።

«የግሩም ጫማ ደረቅ ነው፤ ስለዚህ ውኃው የፈሰሰው እሱ ከወደቀ በኋላ ነው። ሊያሳስተን የፈለገ ሰው የወደቀበትን ጠርዝ ብቻ ባረጠበ ነበር። እዚህ ግን እያንዳንዱ ጆንያ ተነሥቶ፣ ሥሩ ጠጥቶ፣ መልሶ ተሸፍኗል። ይህ የተንኮል ሥራ አይደለም፤ አርማታ እንዲጠነክር የሚደረግ እንክብካቤ ነው። ካሊድና ወንጌላዊት ይፍረስ ብለው ፈርመዋል፤ ነገ ለሚፈርስ አርማታ ውኃ አያጠጡም። ያጠጣው አይፈርስም ያለ ሰው ነው።»

ጋሽ አለበል ወደ ሐይቁ ዞሩ።

«ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ሀገር ፎቅ በሥዕል እያየሁ ቀናሁ። የእኛም እንዲህ ቆሞ ልየው አልሁ። ‹ጋሼ፣ ይፈርሳል› ሲለኝ… ገፋሁት። ልይዘው እጄን ብሰድ ልብሱን እንኳ አላገኘሁትም። ከዚያ ፀሐይዋ በረታች። አርማታው እንዳይሰነጠቅ ብዬ…»

ወንጌላዊት ፊቷን አዞረች።

ፖሊሶች ወደ አሳንሰሩ ሲወስዷቸው ነፋስ የአንዱን ጆንያ ጫፍ ገለጠው። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው በታሰሩ እጆቻቸው መልሰው አለበሱት። የከለከላቸው አልነበረም።