በሟቿ መዝገብ ውስጥ የተገኘው ደብዳቤ

የክሊኒኩ ዋና ሐኪም ረፋድ ላይ የሞቱት፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሌሎችን ሲመረምሩበት በኖሩት አልጋ ላይ ነው። ሳምንቱን በሳል ሲሰቃዩ ከርመው በዚያ ጠዋት ትኩሳታቸው አርባ ደረሰና ራሳቸውን ሳቱ። ረዳታቸው ወጣቱ ሐኪም መዝገባቸውን ኮምፒውተር ላይ ከፈተ፤ «አለርጂ፦ አልተመዘገበም» ይላል። ፔኒሲሊን አዘዘ፤ ሲስተር ወጋች። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ፊታቸው አብጦ፣ ጉሮሯቸው ተዘግቶ አረፉ።

ፖሊስ ያስጠራው የባለቤታቸው ጩኸት ነው።

«ፔኒሲሊን ማን ሰጠው? ከሃያ ዓመት በፊት ሊገድለው ነበር እኮ! እንዳይሰጠው የሚለውን የሆስፒታሉን ደብዳቤ ካርዱ ውስጥ ያስገባሁት እኔው ራሴ ነኝ!»

የተላከችው መርማሪ ባልደረቦቿ «ወንፊት» የሚሏት፣ ሰው ሲያወራ ዓይኗን ጨፍና የምታዳምጥ አጭር ሴት ናት። መጀመሪያ የገባችው ካርድ ክፍል ነው። ክሊኒኩ የወረቀት ካርዶቹን ወደ ኮምፒውተር ማዛወር ከጀመረ ሁለት ወሩ ነው፤ ጠና ያሉ ሠራተኛ በክምሩ መካከል ተቀምጠው ወረቀቱን አንድ በአንድ ስካነሩ መስታወት ላይ ያስቀምጣሉ።

«እትዬ፣ የዶክተርን ካርድ ስካን ያደረጉት እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ። ግን ደብዳቤ የሚባል አላየሁም፣ ልጆቼን! ጠዋት የቀኑን ክምር ቅጠል በቅጠል እቆጥራለሁ። ማታ ኮምፒውተሩ የሚለውና የእኔ ቁጥር እኩል ካልሆነ ቤቴ አልገባም። አንድም ቀን ጎድሎብኝ አያውቅም።»

ወንፊት ዓይኗን ገለጠች። «ካልጎደለ ደብዳቤው ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ ማለት ነው። የሌላ ሰው መዝገብ ውስጥ።»

«የሰው ወረቀት መቀላቀሉማ አዲስ አይደለም» አሉ እትዬ። «ባለፈው ወር ከአንድ ሽማግሌ ካርድ ውስጥ የአንዲት ሴት የዕጢ ምርመራ ውጤት አገኘሁ። ዶክተር አይተው ፈርመውበታል። ለሲስተር ሰጠኋት፤ አሳያቸዋለሁ አለችኝ።»

«ከእርስዎ ሌላ በማሽኑ የሚሠራ አለ?»

«ምሳ ስወጣ ክፍሉ ክፍት ነው። የይለፍ ቃሌም ይኸው» ብለው ስክሪኑ ጠርዝ ላይ የተለጠፈች ብጣሽ አሳዩ። «ምን ላድርግ፣ እረሳለሁ።»

መርማሪዋ የዶክተሩ ካርድ ስካን የተደረገበትን ቀን ምስሎች አንድ በአንድ አየች። ደብዳቤው ከሦስት ዓመት በፊት በሞተች ወጣት ሴት መዝገብ ውስጥ ተገኘ፤ የገባው በምሳ ሰዓት ነው። ምስሉን አጎላችው። ግርጌው ላይ፣ ወረቀቱን የያዘ ጣት ጫፍ አብሮ ተነሥቷል። ሰማያዊ ነው።

ወጣቱ ሐኪም ኮሪደር ላይ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። «መዝገቡን አምኜ ነው… እንደ አባቴ ነበሩ» ይላል ደጋግሞ።

መርፌ ክፍል ውስጥ ሲስተር ዕቃዎቿን በሥርዓት ትደረድራለች።

«እኔ ታዝዤ ነው የወጋሁት» አለች ሳትጠየቅ።

«አውቃለሁ። የሌላው ሁሉ ጓንት ነጭ ነው፤ ያንቺ ለምን ሰማያዊ ሆነ?»

«ነጩ ያሳክከኛል። ከቤቴ ነው የማመጣው።»

ወንፊት አመስግና ወጣች።

ከሰዓት በኋላ አራቱንም ተራ መጠበቂያው ወንበሮች ላይ አስቀመጠቻቸው።

«ደብዳቤው ተቀድዶ ቢጣል ኖሮ ቆጠራው ይጎድል፣ እትዬም በዚያው ቀን ያውቁ ነበር። ስለዚህ ገዳዩ ስካን አድርጎ ማንም በማይከፍተው መዝገብ ውስጥ ቀበረው። በእትዬ የይለፍ ቃል ገባ፤ አሻራ እንዳይተው ጓንት አጠለቀ፤ ጓንቱ ግን ምስሉ ላይ ቀረ። ሰማያዊ ጓንት። ከዚያ ጠበቀ። ዶክተር ብርድ በመጣ ቁጥር ሳንባቸውን እንደሚታመሙ እዚህ የማያውቅ የለም፤ መናገር ካቃታቸው ደግሞ የሚታመነው መዝገቡ ብቻ ነው።»

«ምን አደረጋትና?» አሉ ባለቤታቸው ሲስተርን እያዩ።

«በሟቿ መዝገብ ላይ ተጠሪዋ ተጽፏል። እህት ይላል፤ ስልክም አለው።» ወንፊት ስልኳን አውጥታ ደወለች።

ሲስተር ኪስ ውስጥ ጮኸ።

ሲስተር ስልኩን አጠፋችው። ለሟቹ ትሰጥ የነበረውን አንቱታም በዚያው ተወችው።

«የእናቴ ልጅ ናት። በአባት ስለማንገናኝ ማንም አላወቀም። እሱ ግን ያውቃል! ውጤቷ መጣለት፤ አየው፣ ፈረመበት፣ ረሳው። ጨጓራ ነው እያላት አጥንቷ እስኪቀር አለቀች። ስትሞት ወረቀቱን የሰው ካርድ ውስጥ ሸጎጠና ‹እስከ መጨረሻው ታግዬላታለሁ› አለኝ። እኔ ሞኟ እግሩ ላይ ወድቄ አመሰገንኩት፤ ውለታውን ልመልስ ብዬ እዚሁ ተቀጠርኩ። ባለፈው ወር ያ ወረቀት ከእትዬ እጅ እጄ ገባ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም! የእሱንም ወረቀት እሷ ጋ ላክሁለት። ትንፋሽ ሲያጥረው ዓይን ዓይኑን እያየሁ ቆሜ ነበር። አይቆጨኝም።»

ባለቤታቸው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ያኔ ወጣቱ ሐኪም ተነሣ።

«እኔስ? ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ዕድሜ ልኬን ገደልኳቸው እያልኩ እንድኖር ነበር የተውሽኝ?»

ሲስተር ለመጀመሪያ ጊዜ አንገቷን ደፋች።

«አንተን… አንተን አላሰብኩህም።»

«እሳቸውም እህትሽን አላሰቧትም» አለ፤ ጋዋኑን አውልቆ ወንበሩ ላይ ጥሎ ወጣ።