ግራጫ የሌለው ምስል

ሟቹ በምስል ማኅደሩ ክፍል ወለል ላይ በጀርባው ተዘርግቷል። የኋላ ጭንቅላቱ ተፈንክቷል፤ አጠገቡ መሰላል ወድቋል። ባልደረቦቹ «ጋሼ ግራጫ» ይሉት ነበር፤ የድሮ ጥቁርና ነጭ ምስሎችን ወደ አዲሱ የግራጫ ቅርጸት የሚቀይረው እሱ ነበርና።

«ከመሰላል ወድቆ ነው፤ ነፍሱን ይማር» አለ የመሥሪያ ቤቱ ዋና መሐንዲስ፣ በሩ ላይ ቆሞ።

መርማሪዋ ወንበር አስጠግታ ወጣችና የላይኛውን መደርደሪያ አየች። አቧራው እንደ ብርድ ልብስ ተኝቷል፤ ጣት እንኳ አልነካውም።

ከሟቹ ሌላ ጠዋት ሕንፃው ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፦ መሐንዲሱ፣ የኮምፒውተር ባለሙያውና ምሳ ልታደርስለት የመጣችው የሟች እህት።

ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ምስል እንደተከፈተ ነው። አንድ ግንበኛ ክንዱን ዘርግቶ ግድግዳ አጠገብ ቆሟል።

«ይኼ የት ነው?» ስትል ባለሙያውን ጠየቀችው።

«የተደረመሰው መጋዘን። ሰውየው የጋሼ እህት ባል ነው። ግድግዳው እሱንም ሠራተኞቹንም በላ። ከዚያ ‹ሲሚንቶ ሰርቆ ነው› ተባለ።»

«ወደ ግራጫ ተቀይሯል አይደል? ግራጫው የታለ?»

«የድሮው ስካነር እያንዳንዷን ነጥብ ወይ ጥቁር ወይ ነጭ ነበር የሚያደርጋት። ፈዘዝ ያለው ሁሉ ነጭ ሆኖ ቀረ። አዲሱ ቅርጸት ለግራጫ ቦታ ይሰጣል እንጂ የጠፋውን አይመልስም። ዋናዎቹ ፎቶዎች ደግሞ ጎርፍ ወስዷቸዋል።» አመነታ። «ትናንት ግን ጋሼ ፊቱ በርቶ ‹አንዱ ተርፏል› አለኝ።»

እህቲቱ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«ጠዋት ሲጮሁበት ተሰምቷል» አለቻት መርማሪዋ።

«አዎ። ‹የባልሽን ፎቶ ላሳይሽ› አለኝ። ስሙ ጎድፎ የተቀበረ ሰው ነው፤ ቁስሌን አትነካካ ብዬው ወጣሁ።» እንባዋ ቀደማት። «ወንድሜን በቁጣ ተለየሁት፣ እህቴ።»

መሐንዲሱ ቢሮው ውስጥ እየተንጎራደደ ጠበቃት።

«ምስሉን አይተውታል?»

«በኮምፒውተር ልኮልኝ ነበር። ወደ ክፍሉ ግን ጠዋት አልገባሁም።»

«ምን ይታያል?»

«ግንበኛው ስንጥቁን ያሳያል። ሌላ ምን አለው?»

መርማሪዋ አመስግና ወጣች።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሦስቱንም ኮምፒውተሩ ፊት ሰበሰበቻቸው።

«ጋሼ ግራጫ መሰላል ላይ አልወጣም፤ አቧራው አልተነካም። መሰላሉን እዚህ የጣለው ሌላ ሰው ነው። አሁን ምስሉን እዩት። ስንጥቅ የታለ?»

ባለሙያው ጎንበስ አለ። «የለም። ነጭ ግድግዳ ነው።»

«ስንጥቁ ፈዛዛ ስለነበር ነጭ ሆኖ ጠፍቷል። የሚታይበት ቦታ ቢኖር ያ የተረፈው ፎቶ ላይ ነው። መሐንዲሱ ግን ስንጥቁን ነግረውኛል።»

«ያኔ የግንባታው ተቆጣጣሪ ነበርኩ» አለ መሐንዲሱ፣ ድምፁ ሻክሮ። «በዓይኔ ያየሁት ትዝ ብሎኝ ነው።»

«የአደጋውን መዝገብ አይቻለሁ፤ ግድግዳው እንከን የለውም ብለው የመሰከሩት እርስዎ ነዎት። ያኔ አይተውት ከሆነ በሐሰት መስክረዋል፤ ያ ፎቶ የሚያስፈራውም እርስዎን ብቻ ነው። ያኔ ካላዩት ደግሞ ዛሬ ፎቶውን አይተዋል። የቱ ይሁን?»

 መሐንዲሱ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

«ልገድለው አልነበረም። ጠርቶ አሳየኝ። ልቀማው ስል አልለቅም አለ፤ ገፋሁት። ጭንቅላቱን የመደርደሪያው ብረት አገኘው። ፎቶውን አቃጠልኩት።»

እህቲቱ ቀስ ብላ ተጠጋችው። «ስንጥቁን ሲያሳይህ ባሌ ምን ነበር ያለህ?»

መሐንዲሱ ቀና ማለት አቃተው። «‹ግድግዳው ሊወድቅ ነው፤ ሰዎቹን እናስወጣ› አለኝ። ሥራ አይቆምም አልኩት።»

ፖሊሶች ይዘውት ሲወጡ እሷ አልተከተለችውም። ወደ ባለሙያውና ወደ መርማሪዋ ዞረች።

«ሰምታችኋል አይደል?» አለች። «ቤቴ መጥታችሁ ለልጆቼ ንገሩልኝ። ስለ አባታቸው እኔ ስነግራቸው ማመን ካቆሙ ቆይተዋል።»