ከክንፏ ሥር የወደቀችው ወፍ

በእኔ እጅ ያልተሠራውን በር በር ለማለት ይከብደኛል፤ ቀዳዳ የሚደፍን ጣውላ ነው። እኔ የገጠምኩት በር ሲዘጋ ነፋስ ራሱ ይቅርታ ጠይቆ ይመለሳል። ሌቦች ሊሰብሩት መጥተው ሲያዩት አሳዝኗቸው በመስኮት እንደሚገቡ ከራሳቸው ከሌቦቹ ሰምቻለሁ። ይህን የምላችሁ ለመኩራራት አይደለም፤ ለመኩራራትማ ብነሣ ወረቀቱም አይበቃ። በየበሩ አናት ላይ ስለምቀርጻት ወፍ ላወራችሁ ፈልጌ ነው።

ወፏ ከአያቶቼ እጅ የመጣች ናት። አንገቷን ወደ ኋላ አዙራ፣ አንድ ክንፏን ከፍ አድርጋ ቆማለች። ከክንፏ ሥር ደግሞ አውራ ጣት የምታክል ትንሽ ወፍ ተጠልላለች፤ ከታች ሆኖ ለሚያያት የእንጨት እብጠት ትመስላለች። ታሪኩ እንዲህ ነው። ፀሐይ አኩርፋ ዓለም በጨለመ ጊዜ ወፎች ሁሉ ሙቀት ወደ ቀረበት ዋሻ ሸሹ። ቀድማ የደረሰችው ይህቺው ወፍ ብትሆንም አልገባችም። አንገቷን አዙራ የቀሩትን እየጠበቀች፣ የዋሻው በር እንዳይዘጋ በክንፏ ደግፋ ያዘችው። በመጨረሻ ቋንቋዋን ማንም የማያውቅላት አንዲት ትንሽ ወፍ እያነከሰች መጥታ ከክንፏ ሥር ገባች። የትልቋ አንገት ግን እንደ ዞረ ቀረ።

ታዲያ በሰፈራችን "የጎጆው ዘቦች" ነን የሚሉ ጎረምሶች ተነሡ። ለእነሱ ከሌላ አገር የመጣ ሁሉ ጠላት ነው። አርማቸው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የእኔው ወፍ! በካናቴራቸው ላይ ታተመች፤ በየግድግዳው በጥቁር ቀለም ተረጨች። ትንሿ ወፍ ግን የለችም፤ በቦታዋ ሹል ጥፍር ወጥቷል። አንገቷ የዞረውም ተከትሎ የሚመጣውን መጤ ልትቧጭር አድፍጣ ነው ይላሉ።

አንድ ቀን ጠዋት ከመንገዱ ማዶ ያለችው ልብስ ሰፊ ወደ ሥራ ቤቴ መጣች። ከሩቅ አገር ልጇን ይዛ የመጣች ሴት ናት።

"ጋሼ፣ መላጊያዎን ይያዙና አንዴ ይምጡልኝ።"

"በሩ ጮኸ እንዳትዪኝ! የእኔ በር አይጮህም፤ ከጮኸም ዜማ ነው።"

አልሳቀችም። "ከበሬ አናት ላይ ወፏን ይላጉልኝ። ግድግዳዬ ላይ ዘቦቹ ያቺን ባለ ጥፍሯን ረጭተውብኛል። ልጄ ሁለቱን መለየት አቅቷት፣ በዚህ በር አልገባም ብላ በጓሮ መስኮት ነው የምትዘለው። ለነገሩ ቅዳሜ ልለቅ ነው። እስከዚያ እንኳ እፎይ ትበል።"

እኔ ያቺን ወፍ ስቀርጽ ከተማው ሁሉ ቆሞ አጨብጭቦልኛል፤ ቢያንስ ባለቤቴ አጨብጭባለች። ሆኖም መሰላሌን ተሸክሜ ሄድኩ፤ ወጣሁም። መላጊያውን አንገቷ ላይ አሳረፍኩና መልሼ አነሣሁት። በዚህ መሃል የጭነት መኪና ከበታቼ ቆመ። ሾፌሩ የእህቴ ልጅ ነው፤ ያንን ካናቴራ ለብሷል።

"አጎቴ! የአባቶቻችንን ወፍ ልትልጋት?"

"እዚህ የምትኖረው ናት ላጋት ያለችኝ።"

"እሷ ደግሞ ማን ሆና ነው? ወፏ የኛ ናት! ካልወደደቻት ትሂድ።"

"መሄዴ ነው፤ ደስ ይበልህ" አለች ልብስ ሰፊዋ ከደጃፏ ላይ። "የዚያን ካናቴራ እጅጌ ያጠበብኩልህ ግን እኔ ነኝ።"

የእህቴ ልጅ ሳያስበው እጅጌውን ያዘ። እኔም ወርጄ መላጊያውን አስጨበጥኩት። "አንተ ዘብ፣ በል ውጣና ጠብቃት!"

ወጣ። ፊቱ ከወፏ ጋር ገጠመ። በጣቱ ከክንፏ ሥር ዳሰስ፣ ዳሰስ አደረገ።

"ይህቺ... ወፍ ናት እንዴ?"

"ድመት መሰለችህ?"

"አጎቴ፣ ለመርጫ የሚሆነውን ካርቶን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ቅርጹን ያየሁት በስልክ ካነሣሁት ፎቶ ላይ ነው። እብጠቱን ዙሪያውን ቆረጥኩት፤ ካርቶኑን ሳነሣው ወድቆ ቀረ። በቀዳዳው ቀለም ስንረጭ ጥፍር መሰለ። ልጆቹ 'ጥፍሯን እዩልኝ!' ብለው ጮሁ፤ አለቃችንም ስለ ጥፍሩ ንግግር አደረገ።"

"የካርቶን ቀዳዳ ስትፈሩና ስታስፈሩ ከረማችኋ!"

"አንተስ መቼ ነገርከኝ? አንገቷን ስትቀርጽ ማንም እንደማይስተካከልህ ብቻ ነው ስትነግረኝ የኖርከው።"

መሰላሉን ደግፌ ያዝኩለት። የእኔን ያህል መሰላል የሚይዝም የለም።

ልብስ ሰፊዋ ከደጃፏ ወደ መሰላሉ ቀረብ አለች። "በእኛ አገር ዋናዋ ትንሿ ናት" አለች። "የዘገየችው የፀሐይን ፍም በምንቃሯ ስትለቅም እግሯ ተቃጥሎ ነው። በኋላ ፀሐይን መልሰው ያቀጣጠሉት በዚያ ፍም ነው። በሩን ማን ይዞ እንደጠበቃት ግን እኛ ዘንድ አይነገርም። እኔ እኮ ይህን ቤት የተከራየሁት ወፎቹን በሩ ላይ አይቼ ነው።"

የእህቴ ልጅ ከመሰላሉ ወርዶ ከሥራ ቤቴ ነጭ ቀለም አመጣ። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየው፣ ግድግዳው ላይ ባለው ጥፍር ላይ ትንሽ ወፍ ሳለ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንቁራሪት ትመስላለች። ባልደረቦቹ መጥተው "ከሃዲ!" ሲሉት ብሩሹን እንደያዘ ዞረ።

"ጥፍር የላትም። ደረታችሁ ላይ የለበሳችሁት የእኔን ስህተት ነው።"

አንዱ ምራቁን ተፍቶ ሄደ። ሌላው አጎንብሶ የገዛ ካናቴራውን ረጅም ጊዜ አየ። በማግሥቱ የመኪናው መስታወት ተሰብሮ ተገኘ፤ የእህቴ ልጅ ግን ካርቶኑን ቀዶ ሲጥለው በዓይኔ አይቻለሁ።

ወገኖቼ፣ ወፏን ልገን ብንጥላት ኖሮ ለዘቦቹ በገዛ እጃችን ባስረከብናቸው ነበር። የጥንት ምልክት የሚነጠቀው ባለቤቱ ትርጉሙን ማውራት ሲተው ነው። በቤታችሁ ያለውን ቅርጽና ተረት ለልጆቻችሁ እስከ መጨረሻው ንገሯቸው፤ ጎረቤታችሁ ስለዚያው ነገር ምን እንደሚልም ጠይቁ። የተዋችሁትን ግማሽ በክፋት የሚሞላ ሰው ሞልቷል።

ልብስ ሰፊዋ ዓርብ ዕለት ደጃፌ ላይ ቆመች።

"ገና አላመንኳችሁም" አለችኝ። "ነገ ግን አልሄድም።"