ማርቆስ ባሕር ሊያይ የመጣ ዕለት

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲጀመር ተነስቼ ዕቃ የማጥብ ሰው ነኝ፣ የሞተ ሰው ታየ፣ በር አንኳኳ ሲሉኝ «ታዲያ ኪራዩን አይካፈላችሁም?» እያልኩ ሳላግጥ የኖርኩ፣ ደግሞም ጴንጤ ነኝ፣ የሞተ ሰው ጌታው ጋ ነው፣ አለቀ። ግን «ደርባንን የመሰለ ከተማ ትተሽ ለምን ጆሃንስበርግ ተመለስሽ?» እያላችሁ ስለምትነዘንዙኝ አንዴ ልናገርና ልገላገል።

ኮሮና ከመግባቱ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ነው፣ እኔና ባለቤቴ ደሳለኝ ደርባን መሃል ከተማ፣ ከባሕሩ ብዙም ያልራቀ ሕንፃ ላይ፣ ዘጠነኛ ፎቅ ቤት ተከራየን። ሊፍቱ ሲያሻው የሚሠራ ሲያሻው የሚያኮርፍ፣ የመስኮቱን ብረት ጨው በልቶ የጨረሰው ቤት ነው፣ አከራዩ ግን ተንኮለኛ፣ መኝታ ቤት ገብቶ መጋረጃውን ገለጥ ሲያደርግ ባሕሩ ወለል ብሎ ታየን፣ በቃ፣ የቤቱን ጉድ ሁሉ ረስተን ፈረምን።

በቤቱ ከእኛ በላይ የተደሰተው የደሳለኝ ታላቅ ወንድም ማርቆስ ነበር። ማርቆስ ጆሃንስበርግ አጠገብ ጻካኔ የምትባል ሰፈር ውስጥ ስፓዛ የሚሏት የመንደር ሱቅ ነበረችው፣ ከሆሳዕና እንደመጣ እዚያችው ሱቅ ውስጥ እየተኛ ዕድሜውን የፈጀ፣ ባሕር የሚባል በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ሰው። በደወለ ቁጥር «እህቴ፣ መስኮቱ ጋ ወንበር አስቀምጪልኝ፣ መጥቼ ቁጭ ብዬ እስክጠግብ ነው የማየው» ይለኛል፣ እኔም «አንተ ሞተህ ካልሆነ ከዚያ ሱቅ አትወጣም» እለው ነበር። ምላሴን በቆረጠው!

ከዚያ ሎክዳውን መጣ። የባሕሩ ዳርቻ ተዘጋ፣ ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር መሄድ ተከለከለ፣ ብዙም ሳይቆይ ደሳለኝ ታመመ። እሱ መኝታ ቤት፣ እኔ ሳሎን፣ ምግቡን በር ላይ አስቀምጬ ዞር እላለሁ፣ ሳሉን እየሰማሁ እጸልያለሁ። ትኩሳቱ ለቀቅ ሲያደርገው እንኳ ሽታ የሚባል ጠፋበት፣ ነጭ ሽንኩርት አፍንጫው ሥር ባደርግለት ምንም አይለውም፣ ግድግዳ ሳይዝ መቆምም አይችልም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጋሽ ጡሚሶ ከጆሃንስበርግ ደወሉልኝ፣ የአገራችን ሰዎች ሽማግሌ ናቸው። «ልጄ፣ ብቻሽን ነሽ?» ሲሉኝ ወጥ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ማርቆስ በዚያው በሽታ ሄዷል። «ደሳለኝ እንዳይሰማ፣ አሁን ቢሰማ እሱንም ነው የምናጣው» አሉኝ፣ «መርዶ በስልክ አይነገርም፣ መንገድ ሲከፈት እኛው መጥተን በወጉ እንነግረዋለን፣ አንቺ ጥቁር እንዳትለብሺ፣ እንዳታለቅሺ።» እንዳታለቅሺ! እስቲ ይታያችሁ፣ ባሌ ወንድሙን እንኳ ሳይቀብር እኔ ፈገግ ብዬ ሾርባ ላቀርብለት ነው። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ ፎጣ ነክሼ አለቀስኩ፣ ከዚያ ፊቴን ታጥቤ «ማርቆስ ደወለ?» ሲለኝ «ጻካኔ መብራት ጠፍቶ ይሆናል፣ ስልኩ አይሠራም» አልኩት።

ያን ዕለት ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ወጥ ቤት ቆሜ ሳለ በሩ ተንኳኳ። የጣት ማንኳኳት አይደለም፣ የቁልፍ ነው፣ ቅጭል ቅጭል። እመኑኝ፣ ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ፣ ጆሃንስበርግ ሳለን ማርቆስ በራችንን የሚመታው በሱቁ የቁልፍ ዘለላ ነበር። በቀዳዳው አየሁ፣ ማንም የለም፣ ኮሪደሩ ባዶ። «ጎረቤት ነው» ብዬ ወደ ሥራዬ ስመለስ መኝታ ቤት ውስጥ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ፣ ቀጥሎ ደሳለኝ ሳቀ። ስንት ሳምንት ሳቅ ያልወጣው ሰው!

በሩን ከፈትኩት። ደሳለኝ አልጋው ላይ ነው፣ መጋረጃው እስከ ጥግ ተገልጧል፣ ልብስ ተቆልሎበት ጥግ ላይ የነበረው ወንበር ባዶውን መስኮቱ ፊት ቆሟል፣ ልብሱ ተጣጥፎ አልጋው ግርጌ።

«ከማን ጋ ነው የምታወራው?»

«ከማንም» አለኝ፣ ዓይኑ ግን እንባ አቅርሯል። ከዚያ አየሩን ሳብ አድርጎ «ላምባ አይሸትሽም?» አለኝ።

ላምባ! እኛ የምናበስለው በኤሌክትሪክ ነው፣ ቤታችን ላምባ ገብቶ አያውቅም። ማርቆስ ግን ሱቁ ላምባ በሊትር እየቀዳ ይሸጥ ስለነበር ጃኬቱ ቢታጠብም ያው ላምባ ነው። ሸተተኝ፣ ለምን እዋሻለሁ፣ ሸተተኝ።

ቆሻሻ መጣልን ሰበብ አድርጌ ወረድኩ። በር ላይ ያሉት ጥበቃ፣ እኔ ባባ የምላቸው፣ እሳቸውም ሲሲ፣ እህቴ ማለት ነው፣ የሚሉኝ ሽማግሌ ዙሉ፣ ተቆጥተው ጠበቁኝ። «ሲሲ፣ እንግዳ ክልክል እንደሆነ ታውቂያለሽ። የባልሽ ወንድም ባሕሩን አይቼ ብቻ እሄዳለሁ ብሎ ለመነኝ፣ አሳዘነኝ፣ አሳለፍኩት። በዚህ ሙቀት ጃኬት ለብሶ! በይ አሁን ይውረድ።»

«ወርዷል ባባ» አልኳቸው፣ ሌላ ምን ልበል?

«ከዚህ በር አልተነሳሁም፣ ሲወጣ አላየሁትም» አሉኝ።

ለደሳለኝ ትንፍሽ አላልኩም። መንገድ ሲከፈት ጋሽ ጡሚሶና ሌሎች ሽማግሌዎች ሌሊቱን ነድተው ጎህ ሲቀድ ደረሱ። በሩ ሲንኳኳ ልቀሰቅሰው ብገባ ተጣጥቦ፣ ጥቁር ሹራቡን ለብሶ አልጋው ጫፍ ተቀምጧል።

«ክፈቺላቸው» አለኝ ቀስ ብሎ። «አሁን እንደሰማሁ ሆኜ ነው የማለቅሰው፣ መርዶ ይዘው ይህን ሁሉ መንገድ መጥተዋል፣ እንዳያፍሩ።»

«ማን ነገረህ?»

ወንበሩን አየ። «ለምን ደበቅሽኝ ብዬ እንዳልቆጣሽ ቃል አስገብቶኛል» አለኝ፣ እኔም እዚያው ቁጭ ብዬ ያንን ሁሉ ቀን ያፈንኩትን ለቅሶ ለቀቅኩት።

መታጠቢያ ቤት ሳለቅስ ሰምቶኝ ይሆናል እላለሁ፣ በሽተኛ ብዙ ነገር ይታየዋል እላለሁ፣ ታዲያ ባባስ? ማርቆስን በፎቶ እንኳ አይተውት አያውቁም።

በወሩ ቤቱን ለቀቅን። ዕቃ ስናወርድ ወንበሩን ላነሳ እጄን ስዘረጋ ደሳለኝ ያዘኝና «ተዪው፣ ገና አልጠገበም» አለኝ። ትቼው ወጣሁ። አሁን እዚያ ቤት ማን እንደተከራየ አላውቅም፣ ያንን ወንበር ከመስኮቱ እንዳያነሱት ግን እሰጋለሁ።