የቀሩት ሦስት መስመሮች

በዕውቀቱ የሞተው ታብሌቱ ላይ እንደተደፋ ነው። አብነት ሰፈር፣ ከጁስ ቤቱ በላይ ባለችው የአቶ ፍሰሐ ፎቶ ቤት፣ የሰርግና የምርቃት ፎቶ በሚያሳምርባት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ቀኝ እጁ የታብሌቱን እስክሪብቶ እንደያዘ ቀርቷል። አጠገቡ ግማሹ የተጠጣ የአቮካዶ ጁስ አለ። ኢንስፔክተር ሲቲ ከሊፋ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስትደርስ ሐኪሙ ብርጭቆውን አሽትቶ ራሱን ነቀነቀ።

«መርዝ ነው።»

አስከሬኑ ሲነሳ በታብሌቱ ጥቁር ገጽ ላይ በነጭ የእጅ ጽሑፍ ሦስት አጫጭር መስመሮች ታዩ።

«እናቴ፣ ይቅር ይበሉኝ።

ከዚህ በላይ መኖር አልችልም።

በዕውቀቱ።»

«ራሱን ነው ያጠፋው» አለ አብሯት የመጣው ፖሊስ።

ሲቲ ወደ ገጹ ጎንበስ አለች። መስመሮቹ ከመጠን በላይ ተራርቀዋል። ታብሌቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘንበል ስታደርገው፣ በመስመሮቹ መካከል ባለው ባዶ ቦታ ላይ የጣት ወዝ ወዲያና ወዲህ ተለቅልቆ አየች። ሟቹ ግን እጁ መስታወቱን እንዳይነካ ኤዲተሮች የሚያደርጉትን ጥቁር ጓንት አድርጎ ነበር፤ የሚሠራውም በእስክሪብቶው ብቻ ነው።

«ማንም እንዳይነካው፣ እንዳይዘጋውም» ብላ ቻርጀር ላይ ሰካችው።

በዚያን ቀን ፎቶ ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው። እንግዳ ተቀባይዋ የአብስራ የሟቹ እጮኛ ነበረች፤ ቀለበቱን ከመለሰችለት ገና ሦስት ቀኗ ነው።

«ለምን መለስሽለት?»

«አንድ የደበቀኝ ነገር ነበር፤ ምን ሆነህ ስለው ዝም» አለች እያለቀሰች። «ጁሱን ከታች ያመጣሁት እኔ ነኝ። ጋሽ ፍሰሐ ‘ስጪኝ፣ እኔ አስገባለታለሁ’ ብለው ተቀበሉኝ።»

ፎቶ አንሺው ጀይላን ከሟቹ ጋር መጣላቱን አልካደም።

«ባለፈው ወር ሜክሲኮ አደባባይ ያነሳሁትን የሰርግ አጀብ ነካክቶብኛል። ከኋላ የነበረ የአንድ መኪና ታርጋ የለም! ያወቅሁት ትራፊኮች ስለ አንድ የመኪና አደጋ ብለው ፎቶውን ጠይቀው ከወሰዱ በኋላ ነው። ለምን ስለው ‘ተወኝ ጀለሴ’ ብሎኝ ወጣ።»

«አቶ ፍሰሐስ ታብሌቱ ላይ ይሠራሉ?»

«እሳቸው? የፊልም ዘመን ሰው ናቸው እኮ።»

አቶ ፍሰሐ ላባቸውን በመሐረብ እየጠረጉ ተቀመጡ። «ጁሱን አስገብቼለት ወጣሁ፤ ከዚያ በኋላ አላየሁትም። በሩን ከፍታ የጮኸችው የአብስራ ናት። ያሳዝናል! ግን እንቅልፍ አጣሁ፣ መኖር አቃተኝ ብሎ ከጻፈ ሰው ምን ይጠበቃል?»

ሲቲ ቀና ብላ አየቻቸውና ቃሉን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች።

የሟቹ እናት ወይዘሮ እንዳለች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረጃውን በሰው ተደግፈው ወጡ። ሲቲን እንዳዩ እግሯ ላይ ሊወድቁ ሲሉ አነሳቻቸው።

«ልጄ፣ የንስሐ አባታችን ራሱን ካጠፋ ፍትሐት የለውም አሉኝ። ያለኝ እሱ ብቻ ነው። ያለ ጸሎት እንደ ውሻ ልቅበረው?»

«እማማ፣ የጻፈውን አንብበውልዎታል?»

«ይቅርታ ጠይቆሻል ነው ያሉኝ።»

ሲቲ ቃል በቃል አነበበችላቸው። አሮጊቷ እንባቸው ቀጥ አለ።

«‘ይበሉኝ’? እኔን? ልጄ አንቱ ብሎኝ አያውቅም። ‘እናቴ’ም አይለኝም። አፉን ከፈታ ጀምሮ እንዳልዬ ነው የሚለኝ።»

ሲቲ ሁሉንም ወደ ጠባቧ ክፍል ጠራች። ወይዘሮ እንዳለችን ወንበር ላይ አስቀምጣ ታብሌቱ አጠገብ ቆመች።

«በዕውቀቱ ይህን በእጁ ጽፏል። የጻፈው ግን ለእናቱ አይደለም፤ በአክብሮት ለሚያናግራት ለሌላ እናት ነው። ሲጽፍም ሦስት መስመር ብቻ አልነበረም። አንድ ሰው መካከሉን በጣቱ አጥፍቶታል። ያ ሰው ከማጥፋቱ በፊት አንብቦታል።» ወደ አቶ ፍሰሐ ዞረች። «እዚህ ላይ ስለ እንቅልፍ የሚናገር ቃል አለ?»

አቶ ፍሰሐ ገጹን አፍጥጠው አዩት። «እኔ... መስሎኝ ነው።»

«ጀይላን፣ የጠፋው ይመለሳል?»

«ፕሮግራሙ ካልተዘጋ እስከ መጀመሪያው ይመለሳል። ያቺን ወደ ኋላ የዞረች ቀስት መንካት ነው።»

«ንካት።»

ጀይላን ነካት። በእያንዳንዱ ንክኪ ቃላቱ ከጥቁሩ ውስጥ እየወጡ ተሰለፉ። ሲቲ ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበች።

«እናቴ፣ ይቅር ይበሉኝ። ሴት ልጅዎን ፋዮን ገጭቶ ገድሎ ያመለጠው መኪና የአለቃዬ የፍሰሐ ነው። ታርጋውን ከፎቶው ላይ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ። እውነቱን ደብቄ ከዚህ በላይ መኖር አልችልም። ነገ ለፖሊስ እናገራለሁ። በዕውቀቱ።»

የአብስራ አፏን በእጇ ያዘች። አቶ ፍሰሐ ግድግዳውን ተደግፈው ቁጭ አሉ።

«ሮጣ ገባችብኝ» አሉ በተሰበረ ድምፅ። «ልጆች አሉኝ። ዛሬ ጠዋት ‘ነገ እናገራለሁ’ ሲለኝ ለመንኩት፤ እግሩ ላይ ወደቅሁ። እምቢ አለኝ። መርዙን ጁሱ ውስጥ ጨምሬ ሰጠሁት። ቆይቼ ተመልሼ ከታብሌቱ ላይ ቀና ሳደርገው... ደብዳቤው ተከፍቶ ነበር።»

ፖሊሱ ካቴና አግብቶላቸው ይዟቸው ወጣ። ወይዘሮ እንዳለች ግን ከወንበሩ አልተነሱም።

«እማማ፣ ፍትሐቱ ይፈታለታል። ለንስሐ አባትዎ ራሴ አስረዳለሁ።»

«ተመስገን።» ዓይናቸውን ገጹ ላይ ተከሉ። «ልጄም አጥፍቷል ለካ። ያቺ እናት የት ናት?»

«ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ነው ቤቷ፤ የአደጋው መዝገብ ላይ አለ። ለእሷ እኛ እንነግራታለን።»

«አሁን ውሰጂኝ። ነገማ ልጄን ልቀብር ነው። እሷ ሳትሰማ እንዴት ብዬ አፈር አለብሰዋለሁ?»

ሲቲ ልትከለክላቸው አሰበች፤ ፊታቸውን አይታ ተወችው።

በጠመንጃ ያዥ ጠባብ መንገድ ክንዳቸውን ይዛ አንድ የቆርቆሮ በር ላይ አደረሰቻቸው። በሩን የከፈተችው ጥቁር የለበሰች፣ ከወር ለቅሶ የከሳች ሴት ናት። ወይዘሮ እንዳለች በሩ ላይ ተንበረከኩ።

«እኔ የበዕውቀቱ እናት ነኝ።»

«የቱ በዕውቀቱ?» አለች ሴትየዋ፤ ደንግጣ ልታነሳቸው ጎንበስ እያለች።

ወይዘሮ እንዳለች እጇን ያዙና መናገር ጀመሩ።